ከፉሪ እስከ ድሬ፦ በባቡር ዕረፍት ለመውጣት ላሰባችሁ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ስለ መሄድ ናቸው። ደስ ብሎኛል። ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቤታችን ከድሮው ጣቢያ ብዙም አይርቅም ነበር፤ አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ዘመድ ለመጠየቅ ስሄድ የምመርጠው እሱን ነው። ስለዚህ አምስቱን ጥያቄ መርጬ በማውቀው ልክ እመልሳለሁ።

«የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለገና ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ለሦስት ሳምንት አገር ቤት እንገባለን። ልጆቹ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው፣ ባቡር ይወዳሉ። ድሬዳዋንና ሐረርን በባቡር ላሳያቸው ብዬ ነበር፤ ወንድሜ ግን “ተይው፣ በአውሮፕላን ሂጂ” ይለኛል። አራት ቀን መድቤያለሁ። ይበቃናል? ምን እንያዝ?»

እህቴ፣ በባቡር ሂጂ። ስትመለሺ ግን ወንድምሽን ስሚውና በአውሮፕላን ተመለሺ።

ባቡሩ በየቀኑ አይነሳም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ፕሮግራሙም ይቀያየራል። ጠዋት ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ድሬዳዋ ለመድረስ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል፣ እሱም ነገር ሁሉ ሲቀና ነው። ሐዲዱ የሚያልፈው በአርብቶ አደር አገር ስለሆነ ግመልና ከብት መንገድ ይዘጋል፣ ባቡሩ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ደግሞ መብራት ከተቋረጠ ቆሞ መጠበቅ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ በባቡር ካላችሁ ከአራቱ ቀን ሁለቱ መንገድ ላይ ያልቃል፤ የመመለሻው ባቡር በፈለጋችሁት ቀን ላይውልም ይችላል። ከድሬ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ግን የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። ብትችዪ አምስት ቀን አድርጊው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ አሜሪካ ከምትበሩበት ቀን ዋዜማ ላይ ባቡር እንዳትይዢ። ሦስት ቀን እንኳን ክፍተት ይኑርሽ።

ትኬቱን አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ቁረጡ። የሁላችሁም ፓስፖርት፣ የልጆቹም ጭምር፣ ያስፈልጋል። ትኬት ስትቀበዪ አንድ ነገር ጠይቂ፦ የተጻፈው ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ውጭ የሚኖር ሰው ስልኩ ላይ 8፡00 ያያል፣ ታክሲ ነጂው ሁለት ሰዓት ይላል፣ በመሃል አንዱ ይሳሳታል። እኔ ራሴ ከእንግዶች ጋር በዚህ ምክንያት ባቡር አምልጦኝ ያውቃል። ሻንጣችንን ይዘን ባዶ መድረክ ላይ ስንደርስ የልጆቹን ፊት ማየት ከባድ ነበር።

ፉሪ ለቡ ጣቢያ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው ያለው። የከተማው ቀላል ባቡር እዚያ አያደርስም። የቃሊቲውም የጦር ኃይሎቹም መስመር ሌላ ቦታ ነው የሚያልቀው፣ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ቦሌ አካባቢ ካረፋችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መኪና ጠርታችሁ ውጡ። ጣቢያው ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፤ ለፍራፍሬ ብላችሁ የያዛችሁት ቢላዋ እንኳን ሊያስቸግራችሁ ስለሚችል ቤት ተዉት። ድሮን ለማምጣት ካሰባችሁ ደግሞ እርሱት፣ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ውስጥ ይዞ መግባት አይቻልም።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ። ተራ ወንበርም የአልጋ ክፍልም አለ። ከልጆች ጋር አልጋውን ውሰጂ። በአንዱ ክፍል በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት አልጋ ተደራርቦ ያለበት አለ፣ ሁለት ሁለት ብቻ ያለበት የተሻለ ክፍልም አለ። የታችኛው ቀን ላይ እንደ ሶፋ ያገለግላል። ልጆቹ ላይኛው ላይ ካልወጣን ማለታቸው አይቀርም፣ ፍቀጂላቸው፤ ለማየት ግን መስኮት ጋ መሆን አለባቸው። ወደ ድሬ ስትሄዱ ከመተሐራ ጀምሮ በግራ በኩል የፈንታሌ ተራራ ይታያል። እሳተ ገሞራ ነው፣ ልጆቹን አስቀድመሽ አዘጋጂያቸው። ከአዋሽ በኋላ በቀኝ በኩል የጨርጨርና የሐረርጌ ተራሮች ከሩቅ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። በታኅሣሥ ፀሐዩ የሚመታው በቀኝ ነው፤ ሙቀት የማይችል ሰው ካለ በግራ ይቀመጥ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነስታችሁ አዋሽ ጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ጠዋት የለበሳችሁትን ጃኬት አንድ በአንድ እያወለቃችሁ ነው የምትደርሱት፣ ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱ።

ስንቅ ያዙ። በድሮው ባቡር ጊዜ በየጣቢያው በመስኮት ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ይገዛ ነበር። አሁን መስኮቱ አይከፈትም፣ ጣቢያዎቹም ከየከተማው ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሶፍትና ሳሙና። ደግሞ ከጎናችሁ ላለው ሰው ሳትሉ እንዳትበሉ፤ ልጆቹ ይህን ቢማሩ ከጉዞው የሚያተርፉት አንዱ ነገር ይሆናል።

ድሬዳዋ ጣቢያውም ከከተማ ውጭ ነው። ባጃጅና ታክሲ ይጠብቃችኋል፣ ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከዚራ በኩል እደሩ። በዛፍ ጥላ የተሸፈነው፣ መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለው፣ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር የነበረው ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ከልጆች ጋር በእግር መሄድ ደስ ይላል። ቀፊራ ገበያ በጠዋት ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ትተኛለች፤ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ይጋደማል፣ እናንተም ተጋደሙ። ታይዋን የሚባለው ገበያ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ ርካሽ ነው ተብሎ ይታወቃል፣ ግን መመለሻ ላይ ፍተሻ ስላለ ብዙ አትሸክሙ፣ ደረሰኝም ጠይቁ።

ሐረር ከድሬ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ከምናምን። ደንገጎን ጠመዝማዛውን ስትወጡ ልጅ የሚያስመልሰው ካለ ፌስታል ይዘሽ ፊት ወንበር አስቀምጪው። ሐረር ላይ ምክሬ አንድ ነው፦ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ቢቻል አንዱን ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት። እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ነደባው ላይ፣ ደረጃ ደረጃ በሆነው መደብ ላይ ማለቴ ነው፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሞልቶ፣ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ከየትኛውም ሙዚየም ይበልጣል። ጀጎል በ2006 በፈረንጆች በዩኔስኮ የተመዘገበው እኮ ሰው እየኖረበት ነው። በአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ውጡ፤ መንገድ ቢጠፋባችሁም ግንቡ ያወጣችኋል። መኪና ግርግር የምትባለው መንገድ ስሟን ያገኘችው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፣ ለ13 ዓመቷ ልጅሽ እዚያ ቀሚስ አሰፊላት። ማታ ጅብ ማብላቱን እዩ። ትንሹ ከፈራ ከኋላ ሆኖ ይመልከት፣ አታስገድዱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 28። በዚያ ሳምንት ባቡሩም አውሮፕላኑም ሆቴሉም ይሞላል። ከዚያ በኋላ፣ በፈረንጅ አዲስ ዓመትና በኛ ገና መካከል ብትሄዱ ይሻላል።

«እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባቸው። አውቶቡስ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዘንድሮ በባቡር ልወስዳቸው አሰብኩ። ይችላሉ?» *(ከአዲስ አበባ)*

ይችላሉ፣ አንተ ግን ብዙ ቀድመህ መዘጋጀት አለብህ።

ባቡሩ ከአውቶቡስ የሚሻልበት ዋናው ነገር እግር መዘርጋት ይቻላል። ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላል፣ መጸዳጃ ቤትም አለ። የታችኛውን አልጋ ካላገኘህ ግን አትሂድ። ከላይኛው ላይ መውጣትና መውረድ ለሳቸው አይሆንም። ትኬት ቢሮው ላይ ዕድሜያቸውን ተናገር፣ እነሱም ሰዎች ናቸው፣ ይረዳሉ። ጣቢያዎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ከመኪና ወርዶ መድረኩ ጋ እስኪደረስ ረጅም መንገድ ስላለ ከሰው ግፊያ በፊት ድረሱ።

ባቡሩ ቁልቢ አያደርስም። ድሬዳዋ ወርዳችሁ፣ አንድ ሌሊት አድራችሁ፣ በማግስቱ በመኪና ደንገጎ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ወደ ሐረር ሳይሆን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ነው። በክብረ በዓሉ ዋዜማ መኪናው ተጠጋግቶ ስለሚቆም የመጨረሻውን በእግር ማስኬድ ሊመጣ ይችላል። እናትህ ዱላ ከሌላቸው ግዛላቸው። ድሬ ሙቀት ነው፣ ቁልቢ ግን ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢያቸውን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከትባቸው፣ በእጅ ይያዙት።

ስለቱ የግድ በታኅሣሥ ነው ካላሉ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። በሐምሌ 19ም ይነገሣል። ወይም በማንኛውም ወር በ19 ብትወስዳቸው ቤተ ክርስቲያኑን በሰላም ይሳለማሉ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ይላሉ፣ ካህናቱንም ያነጋግራሉ። እናቴን እኔ እንደዚያ ነው የወሰድኳት፤ ግርግሩ ስላልነበረ ረክታ ተመለሰች። እሳቸውን ግን ጠይቃቸው። የስለት ነገር በልጅ አይወሰንም።

«አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድን በባቡር አዋሽ ፓርክ ማሳለፍ እንፈልጋለን። ይቻላል ወይ?»

በሁለት ቀን ያስቸግራል፣ ቢቻልም አልመክራችሁም። አንድ ቀን እየዘለለ በሚሄድ ባቡር ቅዳሜ ደርሳችሁ እሁድ መመለሻ ማግኘታችሁ ርግጠኛ አይደለም። ሌላው ደግሞ ፓርኩ ውስጥ በእግራችሁ መዞር አይፈቀድላችሁም። መኪናና ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ሳላውንም የሜዳ ፍየሉንም የምታዩት ሜዳው ላይ በመኪና በጠዋት ስትዞሩ ነው። ባቡሩ መተሐራ ወይም አዋሽ ቢያወርዳችሁ እዚያ መኪና መፈለግ ልትጀምሩ ነው።

አምስት ከሆናችሁ አንድ መኪና ተከራዩና ገንዘቡን ተካፈሉ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ውጡ፣ ቀትሩን ፏፏቴው ጋ አሳልፉ፣ አዞም ስላለ ወንዙ ውስጥ አትግቡ፣ ወደ ማታ ሜዳውን ዙሩ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደጋገም ሰዎች ከቀያቸው ለቀው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ፓርኩ ጋ ደውላችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ።

በባቡር ካልሆነ ካላችሁ ግን ድሬ ድረስ ሂዱና አራት ቀን አድርጉት።

«ከስቶክሆልም ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ስዊድናዊ ነው፣ እኔ ደግሞ የስዊድን ፓስፖርትና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለኝ። በባቡር እስከ ጅቡቲ ሄደን፣ ባሕር ዋኝተን ለመመለስ አስበናል፤ በሐምሌ።»

በሐምሌ አይሆንም እህቴ። ጅቡቲ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፣ አሸዋ ያዘለ ትኩስ ነፋስም አለው። የጅቡቲ ሰው ራሱ የቻለ ወደ ድሬና ወደ ሐረር ነው የሚሸሸው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው አድርጉት። በነዚያ ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍና ሰው የማይነካ ዓሣ ይመጣል፣ አብሮት መዋኘት ይቻላል። አሳል ሐይቅንም እዩ፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ዳር ዳሩ ነጭ ጨው።

ባቡሩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአዲስ አበባ-ድሬው ጉዞና ድንበር የሚሻገረው ጉዞ አንድ አይደለም። ተሳፋሪ እስከ ጅቡቲ የሚወስደው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ፣ ድሬ ላይ መቀየርና ማደር ይኖር እንደሆነ ትኬት ስትቆርጡ በግልጽ አስነግሩ። ጅቡቲ ላይ የምትወርዱበት ናጋድ ጣቢያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ስለዚህ በባቡር ገብቶ በአውሮፕላን መመለስ እዚህም ይመቻል።

ከሁሉ በፊት ግን የወረቀት ነገር። ለጅቡቲ ቪዛ ሁለታችሁም ያስፈልጋችኋል፣ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል። አንቺ በመታወቂያሽ ኢትዮጵያ ያለ ቪዛ ትመለሺያለሽ። ባለቤትሽ ግን ከኢትዮጵያ ሲወጣ ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ያኔ አለቀ። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይውሰድ፤ በድንበሩ ከተማ በደወሌ በምድር ተመልሶ ለመግባት ቪዛው ይሠራ እንደሆነም ከስቶክሆልም ሳትነሱ ኤምባሲውን ጠይቁ። በረሃ መሃል ድንበር ላይ ባልና ሚስት ተለያይቶ መቅረት ለማንም የማልመኘው ነገር ነው። ብርም እዚያ አያገለግላችሁም፣ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፣ ከተማውም ውድ ነው። በአዲስ አበባ ዋጋ አስባችሁ በጀት አትያዙ።

«አዳማ የምማር ተማሪ ነኝ። አያቴ ስለ ሽመንደፈር ብዙ ያጫውቱኝ ነበር። የድሮው ባቡር ላይ አሁንም መሳፈር ይቻላል?»

ከአዲስ አበባ ድሬ በድሮው ባቡር መሳፈር ቀርቷል፣ ከቆመ ብዙ ዓመት ሆነው። አያትህ የሚሉት ባቡር ግን ድሬ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ታሪኩን ባጭሩ፣ ዓመቶቹን በፈረንጆች ልንገርህ። አጼ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረርን ማግኘት ነበር፣ ግን ተራራውን ማውጣቱ ከባድና ውድ ስለሆነ ሐዲዱ እግሩ ሥር በቆላው አለፈ። በ1902 የደረሰበት ባዶ ሜዳ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ሆነች። እንዲህ ነው የኔ ከተማ የተወለደችው፣ ከሐዲድ። አዲስ አበባ ለገሃር ደግሞ በ1917 ገባ፤ ለገሃርም ላ ጋር ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ ጣቢያ ማለት ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2016 ሆኖ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 መግቢያ ላይ ነው።

ድሬ ስትሄድ ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ በር ላይ ሂድና መጎብኘት እፈልጋለሁ በል። ክፍያ ይጠይቁሃል፣ አስጎብኚም ይሰጡሃል፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነም ያኔ ጠይቅ። የጥገናው ጋራዥ ውስጥ ግባ። የድሮ ሎኮሞቲቮች፣ ፈረንሳይኛ የተጻፈባቸው ማሽኖች፣ ዘይት የጠጣ ወለል ታገኛለህ። ከጡረተኞቹ አንዱን ካገኘህ ደግሞ ቸኩለህ አትሂድ። እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ከአማርኛው፣ ከኦሮምኛውና ከሶማሊኛው ሌላ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ ሙያውን የተማሩት በሱ ነዋ። አያትህ የት ጣቢያ ይሠሩ እንደነበር ወይም ከየት የት ይመላለሱ እንደነበር ጽፈህ ያዝ። የአያትህን ስም ስትነግራቸው «አቦ! እሳቸውን?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም።